በእጄ የያዝኩት ቁጣሽ

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ነሽ? ይህን የጠየቅኩት ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ስለሚጀምር አይደለም፤ መልሱን ስለምፈልገው ነው። ቁስልሽ ደርቋል? እህል ይወርድልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? «እኔ ደህና ነኝ፣ ሐሳብ አይግባህ» የምትለዋን ቃል ግን እንዳትጽፊልኝ። በአንቺ እጅ ተጽፋ ካየኋት ወረቀቱን ቀዳድጄ በመጣበት ፖስታ መልሼ እልክልሻለሁ። አንቺ ደህና ነኝ ባልሽ ቁጥር ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን።

የእኔን ከጠየቅሽ፣ ግራ እጄ ተመልሷል፤ ማበጠሪያ ይይዛል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋል። የግራ እግሬን ነገር ወደ በኋላ እጽፍልሻለሁ። አፌ እንደምታዪው ምንም አልሆነም። ባለቤቴ ደህና ናት። ከእሷም ጋር ተኳርፈናል፤ ምክንያቱ አንቺ ስለሆንሽ ደስ ይበልሽ።

አንቺ ድምፅሽን ላክሽ እንጂ ድምፅሽ እዚህ መጥቶ ምን እንደሠራኝ አላየሽም። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ።

ስትሮኩ የጣለኝ ሥራ ላይ ነው። የአንድ ደንበኛ ጢም ግማሹን ላጭቼ ወደ ሌላው ጉንጩ ስዞር ምላጩ ከእጄ ወደቀ፤ ቀጥዬ እኔ ወደቅኩ። ሰውዬው በግማሽ ጢሙ ሆስፒታል ድረስ ወሰደኝ፤ እስከ ማታም ከጎኔ አልተነሳም። ከሆስፒታል ወጥቼ ማገገሚያ ማዕከል ስገባ አንዲት ቀጭን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተረከበችኝ። እኔ ወጌሻዋ እላታለሁ። ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፣ ግን እሺ እስክላት ድረስ አትለቀኝም። ምርኩዙን በእጄ ያስያዘችኝ እሷ ናት።

ሲያዩት ተራ ምርኩዝ ነው፤ ጥቁር፣ እጀታው ወፈር ያለ። ከጫፉ ላይ ሴንሰር አለው፤ ከጫማዬም ውስጥ አንድ ስስ ንጣፍ አስገቡልኝ። ሁለቱ እየተነጋገሩ እግሬን ይሰልላሉ። ምርኩዙ ላይ ከልክ በላይ ከተደገፍኩ፣ ግራ እግሬን ከጎተትኩ ወይም ከቸኮልኩ እጀታው መዳፌ ውስጥ ይንቀጠቀጥና ይናገራል። በትክክል ስረግጥ ዝም ይላል። ወጌሻዋ የመጀመሪያው ቀን እንደነገረችኝ የዚህ ምርኩዝ ምስጋና ዝምታው ነው። ጭራሽ መናገር ሲተው ወደ ማዕከሉ ይመለሳል፤ ድምፁ ተደምስሶ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል፤ እኔም ወደ ፀጉር ቤቴ፣ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ። ሸሪኬ ወንበሩን እንደሚጠብቅልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ ያለ ምርኩዝ መቆም እስክችል። መቼም በአንድ እጁ ምርኩዝ በአንድ እጁ ምላጭ ይዞ አንገቱ ሥር የሚቆምለትን ሰው ማንም አይፈልግም።

መጀመሪያ ይናገር የነበረው ከፋብሪካው የመጣ የሴት ድምፅ ነበር። ቋንቋችንን ከወረቀት የተማረች ትመስላለች። «እባክዎ ግራ እግርዎን ከፍ ያድርጉ» ትለኛለች፤ እኔም እርስዎ ከፍ ያድርጉልኝ እላትና መንገዴን እጎተታለሁ። ወጌሻዋ ይህን አየችና ሰው የሚሰማው የለመደውን ድምፅ ነው፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ጥቂት ቃል ቀርጾ ያምጣ አለች። ባለቤቴ የራሷን አልሰጥም አለች። የእኔንማ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ መስማት ትቷል አለቻት፣ እኔው ፊት። ከዚያ ማንን እንደጠየቀች አልነገረችኝም።

አንድ ጠዋት የማዕከሉን ኮሪደር ይዤ ስሄድ እግሬ ተጎተተ። እጀታው ተንቀጠቀጠና «አንሳው እንጂ! እግር ነው ወይስ ጆንያ የምትጎትተው?» አለኝ። በቆምኩበት ደረቅኩ። እናታችንን ከቀበርሽ ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ያዝዘኛል። ከቀበርሽ ነው ያልኩት፤ ከቀበርን አላልኩም። እኔ አልቀበርኳትማ።

በየሳምንቱ ስደውል «ደህና ናት፣ አሁን ገና ጋደም አለች» ትዪኝ ነበር። ጋደም ያለችው ሆስፒታል አልጋ ላይ መሆኑን ያወቅኩት አፈር ከለበሰች በኋላ ነው። ደርሼ ለምን ብዬ ስጮኽብሽ፣ ፀጉር ቤቱን ገና መክፈትህ ነበር፣ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው አልሽኝ። ዕድሜሽን ሙሉ አንደኛ ክፍል ስላስተማርሽ ሰው ሁሉ አንደኛ ክፍል ይመስልሻል። የሚነገረኝንና የማይነገረኝን የምትመርጪው አንቺ ሆንሽ። በማግስቱ ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ቁጥርሽንም ከስልኬ አጠፋሁ። በቃሌ ስለማውቀው ማጥፋቱ ምንም አልጠቀመኝም፤ ግን አጠፋሁት።

እና ወጌሻዋን ይህ ድምፅ ይውጣልኝ አልኳት። የፋብሪካዋን ሴት መልሺልኝ፣ እሷ ቢያንስ አንቱ ትለኛለች አልኳት። ወጌሻዋ ስክሪኗን ወደ እኔ አዙራ፣ ይህ ድምፅ ከገባ ጀምሮ እግርህን እያነሳህ ነው፣ የሚሠራ ነገር አልነካም አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ ሥራዬ፤ በተናገርሽኝ ቁጥር ምርኩዙን ከግድግዳ ጋር አጋጨዋለሁ።

የተጠየቅሽው ጥቂት ቃል ነበር። አንቺ ግን መች ጥቂት ታውቂያለሽ። አንገትህን ቀና አድርግ፣ ዝናብ ካለ አትውጣ፣ ማሰሪያህን እሰር። ቆሜ ከቆየሁ «ምነው ቆምክ? ምሳ በልተሃል?» ትያለሽ። አንድ ቀን ከባለቤቴ ጋር መድኃኒት ቤት ተሰልፈን፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ፈጠን አልኩ መሰለኝ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ማን አባረረህ?» ብለሽ ጮኽሽ። ከፊታችን የነበሩ ሽማግሌ ዞረው እኔን ትተው ባለቤቴን ገላመጧት፤ ልጄ፣ ባልን በሰው ፊት እንዲህ አይናገሩም ብለው መከሯት። እሷም አጥፍቻለሁ አባባ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ቤት እስክንገባ በሳቅ ስትፈርስ እኔ በንዴት እፈርስ ነበር።

ዝም ሳላሰኛት አልቀርም ብዬ የማልኩት የዚያን ዕለት ነው። ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ለሸሪኬ ነገርኩት፣ ለወጌሻዋም ነገርኳት፤ ይቺን ሴትዮ ዝም አሰኛታለሁ አልኩ። ጠዋት ተነስቼ እለማመዳለሁ፣ ከምሳ በኋላ እለማመዳለሁ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ሠራ ይላሉ፤ እግሬን ያነሳው መድኃኒት ሳይሆን እልህ ነው። ቀስ በቀስ ንግግርሽ እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ዝም አልሽ፤ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ፤ በመጨረሻ ከቤት እስከ ፀጉር ቤት ሄጄ ስመለስ ምርኩዙ ትንፍሽ ሳይል ቀረ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አጨበጨበችልኝ። እኔ ግን የፈለግኩት የእሷን ጭብጨባ አልነበረም፤ አንቺ እንድታውቂው ነበር የፈለግኩት።

ደወልኩልሽ። ስንት ዘመን ያልነካሁትን ቁጥር ጣቴ ሳይሳሳት አገኘው። ስልኩ ተነሳ። ትንፋሽሽን ሰማሁ፤ አንቺ መሆንሽን ከትንፋሽሽ አወቅኩ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም። «አሸነፍኩሽ» አልኩሽ፤ «ዝም አሰኘሁሽ፣ ከእንግዲህ አፍሽን አትከፍቺብኝም» አልኩሽ። መልስ አጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን በጣት ቆርቆር ስታደርጊው ተሰማኝ። ሕፃን ሆኜ ፊደል ስሳሳት ጠረጴዛውን እንዲያ ትቆረቁሪው ነበር፤ ጠላሁት። ንቀሽኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። «ዝም በይ እንግዲያው፣ ዕድሜ ልክሽን ዝም በይ» ብዬ ዘጋሁት።

ቀና ስል ባለቤቴ የምታጥፈውን ልብስ ይዛ ቆማለች። ማንን ነው የሰደብከው አለችኝ። ነገርኳት። ልብሱን አስቀምጣ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችኝ። ጉሮሮሽ ውስጥ እባጭ መገኘቱን፣ ሐኪሞቹ ማንቁርትሽን ካላወጣነው አትተርፊም ማለታቸውን፣ ከዚያ በኋላ እንደማትናገሪ፣ እሱ መጀመሪያ እግሩን ያድን፣ እንዳትነግሪው ብለሽ እንዳስማልሻት። ድምፅሽን የቀረጽሽልኝ ሆስፒታል ልትገቢ ልብስሽን እያዘጋጀሽ ነው አለችኝ። ልጅሽ በቃሽ እማዬ፣ የጠየቁሽ ጥቂት ቃል ነው ብትልሽ፣ ተዪኝ ገና አልጨረስኩም ብለሽ ቀኑን ሙሉ ስትናገሪ ዋልሽ አለችኝ። አንዱ ቃል መሃል ላይ ሳል አለ። ያንን ሳል ስሰማው ስታሾፊብኝ ይመስለኝ ነበር።

ምርኩዙን አንስቼ ወረወርኩት። ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ወለሉ ላይ ሲተኛ «ወደቅክ እንዴ? አይዞህ፣ ተነስ። እኔ እዚሁ አለሁ» አለ። ምርኩዙን ከያዝኩ ወዲህ ወድቄ ስለማላውቅ ይህን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ሄጄ አነሳሁት፤ ምርኩዝ ሳልይዝ ነው የሄድኩት፣ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

አሁን ስሚኝ። በስልክ ስላልኩሽ ነገር ይቅርታ እንድጠይቅ ከጠበቅሽ ትጠብቂያለሽ። በምን ልወቅ? ማን ነገረኝ? ሰው እህቱን ዝም በይ ብሎ ሲሳደብ እውነት ዝም ብላ እንደሆነ በምን ያውቃል? ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። እናቴን ደብቀሽ ቀበርሽብኝ፤ ዘንድሮ ደግሞ ራስሽን ልትደብቂኝ ተነሳሽ። ቢላው ሥር ብትቀሪስ ኖሮ? ደግሞ ሻንጣ ይዤ ደርሼ አፈር ላይ ልጮኽ? እግሬን እንዳድን ብለሽ ነው አሉ። እግር ምን ያደርግልኛል፣ የምሄድበት ሰው ሳይኖር? ዝም አይነቅዝም የሚሉት ያንቺን ቤት ዝምታ ስላላዩ ነው፤ ያንቺ ነቅዟል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ ተበላሽቷል። ወጌሻዋ ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ፈተና ፈተነችኝ። ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄ ምርኩዙ ካልተናገረ እዚያው መልሰው ይወስዱታል፤ እኔም ለሸሪኬ የምሰጠውን ማረጋገጫ ይዤ እወጣለሁ። ሸሪኬ ሥራውን ዘግቶ መጥቶ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ግማሹን መንገድ ደህና ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ግራ እግሬ ተጎተተ። «አንሳው እንጂ» አልሽ። ጥቂት ሄጄ እንደገና ተጎተተ። «ደርሰሃል እኮ፣ ምን ቀረህ፣ ትንሽ ናት» አልሽ። ይህንን ከዚያ በፊት አላልሽኝም ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትናገሪ ውለሽ ገና ያልሰማሁት ስንት እንዳለ እንጃ።

ወጌሻዋ ተንበርክካ ጉልበቴን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ቁርጭምጭሚቴን ጨበጠች። ጡንቻህ ደህና ነው፣ ጉልበትህ ደህና ነው፣ ታዲያ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ መሣሪያሽ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳት። ቀና ብላ ብዙ አየችኝ። ከዚያ እንግዲህ ለጊዜው አንተው ጋ ይቆይ አለች።

ሸሪኬ ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። አልፈርድበትም፤ ደንበኛ ባዶ ወንበር እያየ አይመጣም። መቀሴንና ምላጬን በፎጣ ጠቅልሎ ቤቴ ድረስ ሲያመጣልኝ ከደጃፍ ሆኖ እጁን አርዝሞ ነው ያቀበለኝ፤ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚለውን ሳያስታውስ አልቀረም። ጠባዬን ታውቂዋለሽ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያንን ወንበር ከእነ ሰውዬው አወጣው ነበር። አመስግኜው ሸኘሁት። ቢያንስ አንገቱ ሥር ያለው ጸጉር ተበላሽቶ ተቆርጦ እንደነበር ነግሬዋለሁ፤ ያ አዲሱ ሰው መቀስ አያያዝ አያውቅም።

ባለቤቴ ልታስታርቀኝ ብላ፣ የላክሽው ድምፅ በሙሉ ስልኬ ላይ አለ፣ ለምን ከዚያ አትሰማውም አለችኝ። ከፈተችልኝ። አንዱ አልቆ ሌላው ይቀጥላል፤ ቁጭ ብዬ አንሳው ትይኛለሽ፣ ተኝቼ ቀስ በል ትይኛለሽ። ስልኩ ውስጥ ያለችው እህቴ ልሂድ ልቁም አታውቅም። ምርኩዙ ውስጥ ያለሽው ግን እግሬን ታያለሽ፤ ሳጠፋ ነው የምትናገሪኝ። ዝጊው አልኳት፣ ዘጋችው።

አሁን ትእዛዜን ስሚ፤ እስከ ዛሬ አንቺ አዘሽኛል። መልስ የምትጽፊልኝ አንቺ ራስሽ ነሽ፤ ልጅሽ ትጽፍልኛለች የሚባል ነገር የለም። የሐኪሞቹን ቃል አንድም ሳትቀንሺ፣ ሳታለሳልሺ ጻፊልኝ። ከዚያ ደግሞ ተቆጪኝ። በስልክ ላልኩሽ፣ ስንት ዘመን ዘግቼሽ ለኖርኩት፣ ለሁሉም ተቆጪኝ፤ እጅሽ እስኪዝል ጻፊ። በአውቶቡስ ልመጣም ነው። ፈቃድ እየጠየቅኩሽ አይደለም፤ አልጋ አንጥፊ።

አምላክ ቁስልሽን ያድርቅልሽ፤ የጎረስሽውን ያስማማልሽ። የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። የሰው ሆድ እያየሽ የራስሽን የምትደብቂበትን ጠባይ ግን ከሥሩ ነቅሎ ይጣልልሽ፤ አሜን በይ።

ይህን ስጽፍ በመሃል በመሃል ምርኩዙን ይዤ እየተነሳሁ ከመስኮቱ እስከ በሩ እመላለሳለሁ፤ ሐኪም አትቀመጥ ብሎኛል። አሁን ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ ቆማ አየችኝ። ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እኮ እግርህ ደህና ነበር፣ ምርኩዙን ስትይዝ ነው እንዴ የሚብስብህ አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ገባችና ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋችው፤ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አነሳችና መንገዱን አስረዘመችልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ